ኪታብ፣ ወቅፍና ጀማዓ፦ የሐረር መጻሕፍት በምን ኖሩ?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ስለ ሐረር ታሪክ ሲነገር በቅድሚያ የሚወሳው ግንቧ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በከተማይቱ ያሉትን 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች አንሥቷል። ግንብና መስጊድ ከሩቅ ይታያል፤ ይቆጠራልም። ኪታብ ግን በሰው ቤት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር በመሆኑ የሚያየው ጥቂት፣ የሚቆጥረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን ማተሚያ ቤት አልነበራትም። እንደ ካይሮ ወይም እንደ ኢስታንቡል ያለ ታላቅ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍትም አትታወቅበትም። ይህም ሆኖ በእርሷ የተጻፉ ኪታቦች ዛሬ በከተማይቱ ቤቶችና ሙዚየሞች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ እንዲሁም በውጭ አገር ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ መጻሕፍት ጦርነትን፣ ረሃብንና ስደትን አልፈው በምን ኖሩ? መልሳችን ኪታቡን ያኖሩት ሦስት ነገሮች ናቸው የሚል ነው፦ የሚያስተምረው ከቢር፣ ተሰብስቦ የሚያነበው ጀማዓ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ወቅፍ። ሦስቱ ሲላሉ ኪታቡ ከነቆዳው ቢተርፍ እንኳ የማን እንደሆነና ለምን እንደተጻፈ የሚያውቅ ይጠፋል። ይህ ጉዳይ የመምህራንና የኢማሞች ጉዳይ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከተማይቱና የዕውቀት መንገዷ

ሐረሮች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጉሙም «ከተማ» ማለት ነው። የከተማይቱ ሰው «ጌይ ኡሱእ»፣ ቋንቋው «ጌይ ሲናን» ይባላል። በትውፊቱ መሠረት የከተማይቱ ሕይወት ሥርዓት የያዘው በሼኽ አባድርና አብረዋቸው ከዐረብ ምድር በመጡ ዓሊሞች አማካይነት ነው። ይህንን ትውፊት የሚተርከው «ፈትሕ መዲነት ሐረር» የተባለው ኪታብ ነው። የታሪክ ተመራማሪ በትውፊቱ ውስጥ ያሉትን ዘመናት በየፊናው ሊመረምር ይችላል፤ ለእኛ ጥያቄ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ከተማይቱ የራሷን መነሻ ስትተርክ የምታስቀድመው ድል አድራጊ ንጉሥን ሳይሆን አስተማሪ ሼኽን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 ሱልጣን አቡበክር የአዳልን መናገሻ ከደከር ወደ ሐረር አዛወሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ከተማይቱ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻዎች መነሻ ሆነች። የዘመቻዎቹን ታሪክ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተሰኘው ኪታባቸው የመዘገቡት ሺሃቡዲን አሕመድ፣ በተለምዶ ስማቸው ዐረብ ፈቂህ፣ በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊ ናቸው። ኢማሙ ከወደቁ በኋላ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማይቱን አምስት በሮች ባሉት ግንብ አጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1647 ደግሞ አሚር ዐሊይ ኢብን ዳውድ ራሱን የቻለ ኢማራ መሠረቱ፤ ይህም ኢማራ የራሱን ገንዘብ እያተመ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆየ።

ግንቡ ከተማይቱን ከጥቃት ቢጠብቃትም ከዓለም አልለያትም። የቡናና የጨርቅ ነጋዴዎች ከሐረር ወደ ዘይላዕና በርበራ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ይመላለሱ ነበር። በዚያው መንገድ ሐጅ አድራጊው፣ ደረሳውና ኪታቡ ተጓጉዘዋል። ሐረር የሻፊዒይ መዝሀብ ከተማ መሆኗ፣ የቃዲሪያ ጦሪቃም በውስጧ ሥር መስደዱ ከዚህ የባሕር ማዶ ዝምድና ጋር የተያያዘ ነው። በየመን ዓሊሞች ዘንድ የሚቀራው የኢማም ነወዊይ «ሚንሃጅ» በሐረርም ይቀራ ነበር።

ወረቀት፣ ብዕርና ቆዳ

የሐረርን ኪታብ በእጁ ይዞ የሚመረምር ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ይህንኑ የንግድ መንገድ ነው። ወረቀቱ በከተማይቱ አልተሠራም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ገጹን ወደ ብርሃን አቅንቶ ለሚያይ በብዙዎቹ ላይ የወረቀት ሠሪው የውኃ ምልክት ይገለጣል። ሦስት ጨረቃዎች በተርታ የተሣሉበት፣ በኢጣልያ ተሠርቶ ለሙስሊሙ ዓለም ገበያ ይላክ የነበረው ወረቀት ከሚታወቁት አንዱ ነው። ኪታቡ የተጻፈበት ዓመት በጽሑፉ ውስጥ ባይገኝ እንኳ ይህ ምልክት ዘመኑን ለመገመት ይረዳል።

ጽሑፉን የሚሠራው ካቲብ ነው። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ርእሶችና የሚብራሩት የመትን ቃላት በቀይ ይለያሉ። በመጨረሻው ገጽ ካቲቡ ስሙን ከነአባቶቹ ስም፣ ሥራውን የፈጸመበትን ቀንና ወር ያሰፍራል፤ አንባቢው ዱዓ እንዲያደርግለት ይለምናል፤ ስሕተት ያገኘ እንዲያርመውም አደራ ይላል። ይህች የመጨረሻ ገጽ ለታሪክ ጸሐፊ ከፍ ያለ ዋጋ አላት። አብዛኞቹ ካቲቦች በሌላ በየትኛውም መዝገብ ስማቸው አልተነሣምና የኖሩት በዚያች ገጽ ብቻ ነው።

ከዚያ ተጠራዡ ይቀጥላል። የሐረር ጥራዝ ከቆዳ የሚሠራ፣ በማኅተም በታተመ ጌጥ የሚዋብ፣ ብዙ ጊዜም የገጾቹን ዳር የሚሸፍን መክደኛ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ማንነቱን ደብቆ የተጓዘውና በከተማይቱ ለዐሥር ቀናት ያህል የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ሐረር ሰዎች በጎ ነገር ለመናገር የሚቸኩል ሰው አልነበረም። የመጽሐፍ ጥራዛቸውን ግን በጥንካሬና በውበት ከፋርስ በቀር በምሥራቅ አገሮች የሚበልጠው እንደሌለ መስክሯል። ወዳጅ ካልሆነ ሰው የተገኘ ምስክርነት በመሆኑ ክብደቱ የበለጠ ነው።

ከሐረር ሙስሐፎች መካከል በለንደን ከሚገኘው የኸሊሊ ስብስብ የገባው፣ በ1162 ሂጅራ ወይም እ.ኤ.አ. በ1749 የተጻፈው በተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው ይታወቃል። አጥኚዎች በአጻጻፉና በጌጡ ውስጥ ከግብጽ መምሉኮች ዘመን ሙስሐፎች ጋርም፣ ከሕንድ ሙስሐፎች ጋርም የሚያመሳስለውን ነገር አግኝተዋል። አንድ የሐረር ካቲብ በግንብ ውስጥ ተቀምጦ የሠራው ሥራ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን የዕውቀት መንገድ በአንድ ገጽ ላይ ያሳያል።

ቤቱና የከቢሩ ወንበር

በሐረር ባህላዊ ቤት በ«ጌይ ጋር» ውስጥ ሰዎች እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ክብራቸው የሚቀመጡባቸው «ነደባ» የሚባሉ መደቦች አሉ። በግድግዳው ውስጥ ደግሞ «ጣቀት» የሚባሉ ቦታዎች ተሠርተዋል፤ ሙስሐፍና ኪታብ የሚቀመጠውም በእነርሱ ውስጥ ነው። ከዚህ የምንረዳው ኪታቡ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የታሰበ መሆኑን ነው። ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ ኪታብ ከመሬት ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ያለ ውዱእ እንደማይነካ ከወላጆቹ አድራጎት ይማራል።

ንባቡን የሚጀምረው ግን በቁርኣን ትምህርት ቤት በከቢሩ ፊት ነው። «ከቢር» በሐረር ለመምህርና ለዓሊም የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ልጁ በሎሕ ላይ ሐርፍ ይቆጥራል፤ ከዚያ ቁርኣኑን ያኸትማል፤ ዕድሉ ያደረሰው ወደ ፊቅህ፣ ነሕውና ተፍሲር ይሻገራል። በሌሎች የኢትዮጵያ የዕውቀት ማዕከላት፣ በወሎም ሆነ በጅማ እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ደረሳው ኪታቡን በሼኹ ፊት ይቀራል፤ ሼኹ ያብራራል፤ ደረሳው በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል። ስለዚህ አንድ የድርስ ኪታብ የአንድ ጸሐፊ ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በኅዳጉ የሦስትና የአራት ትውልድ ድምፅ ይገኝበታል፤ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ያርማል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልናሰምርበት እንወዳለን። የእጅ ጽሑፍ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ምስጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ቀለሙ ራሱ ወረቀቱን ይበሳዋል። የሚያኖረው በየዘመኑ መገልበጡ ነው፤ የሚገለበጠውም ደግሞ የሚቀራው ከተገኘ ነው። ከቢሩ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ደረሳው ኪታብ ይፈልጋል፤ ደረሳው ከፈለገ ካቲቡ ይጽፋል። ወንበሩ ሲጠፋ መገልበጡ ይቆማል፤ ያለው ቅጅም ወደ ማርጀት ብቻ ይሄዳል።

ጀማዓው ያነበበው ኪታብ

ከድርስ ኪታቦች ሌላ ሐረር በብዛት የገለበጠችው በጀማዓ የሚነበቡትን ነው። የኢማም አል-ጀዙሊይ «ደላኢሉል ኸይራት»፣ የቡሰይሪይ «ቡርዳ»፣ እንዲሁም «ዑንዋን አሽ-ሸሪፍ» በሚል ስም የሚታወቀው የመውሊድ ስብስብ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከከተማይቱ ዓሊሞች ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ሼኽ ሃሺም ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። በዐረብኛ ያዘጋጁት «አል-ፈትሑ አር-ረሕማኒይ» በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰላት ማውረጃ ኪታብ ሲሆን፣ በሐረሪኛ የደረሱት «ሙስጠፋ» የተሰኘው ሥራ ደግሞ የነቢዩን ውዳሴ በከተማይቱ ሰው አፍ ላይ አኑሯል።

ሐረሪኛ በዐረብኛ ሐርፍ መጻፉ፣ ማለትም ዐጀሚው፣ ከሼኽ ሃሺም በፊት የነበረ ነው። ከሚታወቁት የቀደሙ የሐረሪኛ ጽሑፎች አንዱ «ኪታቡል ፈራኢድ» ነው። ስሙን የሰማ ስለ ውርስ ድርሻ የሚናገር ሊመስለው ይችላል፤ ይዘቱ ግን ለምእመኑ የዲኑን ግዴታዎች የሚያስተምር ነው። የጥንቱ ሐረሪኛ ዛሬ ከሚነገረው የራቀ በመሆኑ የቋንቋ ሊቃውንት ኢንሪኮ ቸሩሊና ኤቫልድ ቫግነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህን ጽሑፎች አጥንተው አሳትመዋል። ለዲን ታሪክ ያላቸው ትርጉምም ከዚያ አያንስም። አንድ ዓሊም ዐረብኛ የማያውቀው ጎረቤቱ፣ ነጋዴውና የቤት እመቤቷ ዲናቸውን በቋንቋቸው እንዲያውቁ ማሰቡን ያሳያሉ። የወሎ ዓሊሞች በአማርኛ ዐጀሚ መንዙማ የደረሱትም በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ይህ ንባብ የሚካሄድበት ማኅበራዊ ቤት «አፎቻ» ነው። አፎቻ በሌላው አገራችን እድር ከምንለው ጋር የሚቀራረብ፣ በሠርግና በሐዘን ጎረቤትንና ዘመድን የሚያስተሳስር ማኅበር ነው፤ የወንዶችና የሴቶች አፎቻዎች ለየብቻ ናቸው። ሰው ሲሞት አፎቻው ሐዘንተኛውን ያጽናናል፣ ወጪውን ይጋራል፤ ቁርኣን ይቀራል፣ ዚክር ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ኪታቡ ከጣቀቱ ይወርዳል። የማያነብ ሰውም በመደጋገም የሰማውን በቃሉ ይዞ አብሮ ይላል። ከሸዋል ስድስቱ ቀናት ጾም በኋላ የሚከበረውና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ሹዋሊድም ዚክሩ ከመጽሐፍ ወደ ሕዝብ አፍ እንዴት እንደተሻገረ የሚያሳይ ሌላ አብነት ነው።

ስለ መውሊድና ስለ ዚያራ ሑክም በዑለማእ መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ወደዚያ አንገባም። በታሪክነቱ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ለብዙ ሰዎች ከኪታብ ጋር የሚያገናኛቸው በር ይህ ስብስብ ነበር። ኪታቡ በዓመት ውስጥ በታወቁ ጊዜያት የሚፈለግ፣ ቢቀደድ የሚጠገን፣ ቢጠፋ የሚታወቅ ያደረገውም እርሱ ነው።

ወቅፉ

ሦስተኛው ማሰሪያ ወቅፍ ነው። በሐረር ኪታቦች መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ገጾች ላይ የወቅፍ ቃል ሰፍሮ ይገኛል። ቃሉ ብዙውን ጊዜ የዋቂፉን ስም፣ ለማን ወይም ለየትኛው ስፍራ እንደተወቀፈ፣ እንዲሁም ኪታቡ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥና እንዳይወረስ የሚከለክል ድንጋጌን ይይዛል። ከዋቂፎቹ መካከል ሴቶችም አሉ። ስለ ከተማይቱ ሴቶች የንብረት ባለቤትነትና የዕውቀት ተሳትፎ መረጃ የሚሻ ተመራማሪ ከነዚህ አጫጭር መስመሮች ቢጀምር ይጠቀማል።

የድንጋጌው መሠረት የታወቀ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት እንዴት እንደሚያደርጉት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያማክሩ፣ ዋናው ተይዞ ጥቅሙ ሰደቃ እንዲሆን እንደተመለከቱ፣ እርሳቸውም እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው እንደወቀፉት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። መሬት በባሕርዩ ነዋሪ ነው፤ መጽሐፍ ግን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ቀደምት የሐነፊይ ፉቀሃዎች በተንቀሳቃሽ ንብረት ወቅፍ ላይ የተወያዩ ሲሆን፣ ኢማም ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒይ ልማድ ባጸናው ነገር እንዲፈቀድ አድርገዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዋናው ሳይጠፋ ጥቅም የሚሰጥ ነገር ሁሉ ሊወቀፍ ስለሚችል የመጽሐፍ ወቅፍ አያከራክርም። በ«ሚንሃጅ» እንደተመረጠው አቋም ደግሞ የተወቀፈው ነገር ባለቤትነት ከሰው ወጥቶ ወደ አላህ ይሻገራል፤ የዋቂፉም ሆነ የተወቀፈለት ሰው ንብረት አይሆንም።

ይህ ሑክም በተግባር ምን እንደሠራ እንመልከት። የቤቱ አባት ሲሞት ንብረቱ ለወራሾች ይከፈላል፤ ኪታቡ ግን ከውርሱ ውጭ ነው። በቤቱ ቢቀመጥም የቤቱ አይደለም። ወራሹ ድሃ ቢሆን እንኳ ሊሸጠው አይችልም፤ ሀብታም ቢሆን ሊደብቀው አይገባም። ጎረቤቱ ለመቅራት ሲጠይቅ መስጠት አለበት። የሐረር መጻሕፍት ያለ አንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የኖሩት እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው። ከተማይቱ በየቤቱ የተበተነ፣ ጠባቂው ብዙ፣ ባለቤቱ አላህ የሆነ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሰንሰለቱ የላላበት

እ.ኤ.አ. በ1875 የግብጽ ጦር ሐረርን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድ ተገደሉ። ግብጾች በ1885 ሲወጡ አሚር ዐብዱላሂ ሥልጣን ያዙ፤ በጥር 1887 ግን በጨለንቆ ጦርነት በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸነፉና የኢማራው ዘመን አበቃ። ከኢማራው ጋር ዓሊሞችንና ካቲቦችን ይደግፍ የነበረው የአሚሮች ግቢ ተዘጋ። ይሁንና ከቢሩ፣ አፎቻውና ወቅፉ በቤተ መንግሥት ላይ ብቻ የቆሙ ስላልነበሩ የኪታቡ ሕይወት ቀጠለ። ማሰሪያዎቹ በጀማዓው እጅ እንደነበሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከካይሮና ከቦምቤይ የታተሙ ኪታቦች ሲገቡ የካቲቡና የተጠራዡ ሙያ ገበያውን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከደረሰው የፖለቲካ እስራትና የንብረት መወረስ በኋላ፣ ከ1974ቱ አብዮት ወዲህም በይበልጥ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከጀጎል ወጥተው ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ሰሜን አሜሪካና አውስትራሊያ ሄዱ። ዛሬ በካናዳዋ ቶሮንቶ ሰፊ የሐረሪ ማኅበረሰብ ይኖራል። ቤቱ ሲዘጋ ጣቀቱም ተዘጋ። የእጅ ጽሑፍ ለጎብኚና ለሰብሳቢ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ መታየቱም ሰንሰለቱን ይበልጥ አላላው።

በዚህ ላይ የንባብ መቋረጥ ተጨመረ። ዛሬ ሐረሪኛ በግዕዝ ፊደልና በላቲን ይጻፋል፤ ወጣቱ ዐረብኛውን ቁርኣን እየቀራ እንኳ የአያቱን ዐጀሚ ለማንበብ ይቸገራል። ሐርፉን ያውቃል፣ ቋንቋውን ይናገራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ንባብ ግን ካልተማረው በራሱ አይመጣለትም።

ከጥፋቱ ጋር የማዳን ሥራም ተሠርቷል። በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም በግለሰብ ተነሣሽነት ተሰብስቦ እጅግ ብዙ ኪታቦችን ከመበተን አድኗል፤ የጥራዝ ሙያውንም መልሶ አንሥቷል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የዐረብኛና የዐጀሚ ኪታቦች በዝርዝር ተመዝግበዋል፤ በየቦታው ያሉትን በዲጂታል ምስል የማስቀረት ሥራም ተጀምሯል። ለእነዚህ ሥራዎች ባለቤቶች ምስጋና ይገባል።

ሆኖም ሙዚየምም ሆነ ምስል ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ አለ። በኪታቡ ላይ «ለዚህ መስጊድ ወቅፍ ነው» የሚል ቃል ካለ፣ ኪታቡ አሁን ያለበት ቦታ ያንን ቃል ይፈጽማልን? ከመጥፋት ለማዳን ወደ ተሻለ ስፍራ ማዛወር ፉቀሃዎች የተወያዩበት፣ በዶሩራ የሚታይ ጉዳይ ነው። መሸጥ ግን ሌላ ነው፤ የወቅፍ ቃል ያለበትን ገጽ ቀዶ መሸጥ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው። ያንን ገጽ የሚቀድ እጅ በአንድ ጊዜ አማናንም ታሪክንም ያጠፋል።

ከመምህራንና ከኢማሞች የሚጠበቀው

ከላይ ያየነው ታሪክ ለሐረር ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። በወሎ፣ በጅማ፣ በባሌና በሌሎችም ስፍራዎች በየሐሪማውና በየመስጊዱ የተቀመጡ ኪታቦች አሉ፤ ጠባቂያቸውም ብዙ ጊዜ ኢማሙ ወይም መምህሩ ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኢማም በመስጊዱ ያሉትን የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች በአንድ ደብተር ይመዝግብ። የኪታቡ ስም ባይታወቅ እንኳ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ምን እንደሚል፣ የካቲቡና የዋቂፉ ስም ካለ፣ የሂጅራ ዓመቱ ከተጻፈ መያዝ ይበቃል። ደብተሩን ከመስጊዱ ኮሚቴ አባላት ሌላ ሁለት ሰዎች ይወቁት።

ሁለተኛ፣ ያረጁ የሙስሐፍና የኪታብ ገጾች በክብር ከመቀበራቸው በፊት ዓሊም ይያቸው። የተቀደዱ ገጾችን ከመዋረድ ማዳን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከተራ የታተሙ ገጾች ጋር የካቲብ ማስታወሻ፣ የወቅፍ ቃል ወይም የአገር ታሪክ የያዘች ቅጠል ተቀላቅላ አፈር እንዳትገባ መለየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በይዘቱ የማንስማማበት ኪታብ ሲገጥመን ጥበቃችን አይጉደል። መውሊድን የማይቀበል ወንድማችን የመውሊድ ኪታብን ባያነብ መብቱ ነው። ነገር ግን በዚያው ጥራዝ ውስጥ የፊቅህ መትን፣ የዓሊም ሰነድ ወይም የዋቂፍ ቃል ሊኖር ይችላል፤ ባይኖርም ኪታቡ የአባቶቻችን ሕይወት ምስክር ነው። ያለፉት ዓሊሞች የተቃራኒዎቻቸውን ኪታብ ጠብቀው፣ ጠቅሰውና መልሰው ጽፈዋል፤ ክርክሩ ለእኛ የደረሰውም በዚሁ ነው። በልዩነት ስም ኪታብን ማጥፋት የዕውቀት መንገድ ሆኖ አያውቅም።

አራተኛ፣ መምህሩ ዐጀሚን ወደ ድርሱ ይመልስ። ሐረርጌም ሆነ ወሎ፣ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ አጭር ጽሑፍ በሳምንት አንድ ቀን ከደረሶች ጋር ቢነበብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአያቱን እጅ ጽሑፍ የሚያነብ ትውልድ ይገኛል። በዕድሜ የገፉት ከቢሮችና ሼኾች በሕይወት ሳሉ ካልተቀሩ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

የመጀመሪያው ወሕይ በንባብ ትእዛዝ ጀመረ፤ ቁርኣንም በብዕር ምሏል። የሐረር ሰዎች ይህንን በየቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ቦታ ሰጥተው፣ በአፎቻቸው አንብበው፣ በወቅፋቸው አስረው ለእኛ አደረሱ። በእጃችን ያለው ኪታብ ንብረታችን ሳይሆን አማናችን መሆኑን የሚያስታውሰን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለችው የዋቂፉ መስመር ናት። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።